ፋይላችሁ ገና አልተዘጋም፦ «ሱብሳናር» ስለሚባል የስፓኒሽ ግስ

እንደምን አመሻችሁ። ከአዲስ አበባም፣ ከማድሪድም፣ ከባርሴሎናም የምትከታተሉን፣ ከሥራ በኋላ ያለችውን ጊዜ ለዚህ ስለሰጣችሁ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የምናወራው ስለ አንድ ግስ ነው። «ሱብሳናር» ይባላል። ካፌ ተቀምጦ የሚለው ሰው የለም። ታክሲ ውስጥም ገበያም አትሰሙትም። ግን ስፔን ውስጥ ለመኖሪያ ፈቃድ፣ ለዲግሪ እውቅና፣ ለስኮላርሺፕ ወይም ለጨረታ ወረቀት የሚያስገባ ሰው አንድ ቀን ደብዳቤ ላይ ሊያገኘው ይችላል። ያን ቀን የግሱ ትርጉም የገባው ሰውና ያልገባው ሰው መጨረሻቸው ይለያያል።

እዚህ መካከል ስፓኒሽን ኩባ የተማራችሁ ታላላቆቻችን እንዳላችሁ አውቃለሁ። ከኦጋዴን ጦርነት በኋላ ብዙ ኢትዮጵያውያን ልጆች ኢስላ ዴ ላ ኹቤንቱድ በምትባለው ደሴት እንደተማሩ የታወቀ ነው። የእናንተን ስፓኒሽ ሰምቶ የማይቀና የለም። ሆኖም የስፔን ቢሮ ደብዳቤ ሲመጣ እናንተም ደጋግማችሁ እንደምታነቡት ነግራችሁኛል። ምክንያቱ የችሎታ ማነስ አይደለም። የመዝገብ ቤት ስፓኒሽ ራሱን የቻለ ዓለም ነው። አማርኛም እኮ እንዲሁ ነው። «በሸኚ ደብዳቤ ተያይዞ እንዲላክልን እንጠይቃለን» የሚለውን ነገር ቡና ላይ ለእናቱ የሚናገር የለም።

ደብዳቤው ሲደርስ የብዙ ሰው ልብ ዱብ ይላል። «ከለከሉኝ» ብለው የሚደውሉልኝ አሉ። ደብዳቤውን ፎቶ አንስተው ሲልኩልኝ መጀመሪያ የምፈልገው ይህንን ግስ ነው። ግሱ ካለ ደስ ይለኛል። «አልተከለከልክም፤ ፋይልህ ገና ክፍት ነው» እላለሁ። ምክንያቱም ይህ ግስ የሚመጣው ቢሮው ማመልከቻውን አይቶ፣ የጎደለ ነገር አግኝቶ፣ «አሟላና እንቀጥል» ሲል ነው። የከለከለ ቢሮ ሌላ ግስ ነው የሚጠቀመው፤ «ዴኔጋር» ይላል፣ ወይም «ዴሴስቲማር»። እነዚህን ሦስት ግሶች መለየት ብቻውን ሌሊት እንቅልፍ ያስተኛል።

እንግዲህ ትርጉሙን እንያዝ። «ሱብሳናር» ጉድለትን ማሟላት፣ ስህተትን ማረም ነው። መሐሉ ላይ «ሳኖ»፣ ማለትም ጤነኛ የሚለው ቃል አለ። የታመመውን ነገር ጤናው እንዲመለስ ማድረግ እንደማለት ነው። ግን ለሰው አይሆንም። ሐኪም በሽተኛን «ሱብሳናር» አያደርግም። መኪናም፣ ቧንቧም፣ ጫማም አይደረግም፤ ለእነሱ «አሬግላር» አለ። ይህኛው ግስ የሚወዳቸው ተሳቢዎች ጥቂት ናቸው። «ኤሮር» ስህተት፣ «ፋልታ» ጉድለት፣ «ዴፌክቶ» እንከን፣ «ዴፊሲዬንሲያ» ማነስ፣ «ኦሚሲዮን» መዘለል፣ «ኢንሲዴንሲያ» ደግሞ ኩባንያዎች ችግር ላለማለት የሚጠቀሙበት ቃል ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪዎቼ አንድ ነገር ይሳሳታሉ። የጎደለው ፓስፖርት ኮፒ ከሆነ «ፓስፖርቱን ሱብሳናር አደረግኩ» ብለው ይጽፋሉ። አይሆንም። የሚታረመው ጉድለቱ ነው። ፓስፖርቱ የሚቀርበው ነገር ነው፤ ለእሱ «አፖርታር» የሚል ሌላ ግስ አለ። ስለዚህ ጉድለቱን «ሱብሳናር» የምናደርገው ፓስፖርቱን «አፖርታር» በማድረግ ነው። ሁለቱን ግሶች በየቦታቸው ያስቀመጠ ሰው ጽሑፉ ወዲያው ይለወጣል። የሚያነበው ሠራተኛም ምን እንደመጣለትና ለምን እንደመጣለት ሳይፈልግ ያገኘዋል።

እርባታው አያስቸግርም። በ«አር» የሚያልቁ መደበኛ ግሶችን የሚያውቅ ይህንንም ያውቃል። «ሱብሳኖ»፣ «ሱብሳናስ»፣ «ሱብሳና»፣ «ሱብሳናሞስ»። ደብዳቤ ላይ የምታገኙት ግን ብዙ ጊዜ «ሱብሳኔ» ሆኖ ነው። ለምን ተለወጠ? ከፊቱ «ፓራ ኬ» የሚል ስላለ ነው። ስፓኒሽ «እንዲህ ያደርግ ዘንድ» ሲል ግሱን ወደ ምኞትና ትእዛዝ መልክ ይቀይረዋል። መጨረሻው ላይ «ኤስ» ስለሌለበት ደግሞ አክብሮቱ ይታወቃል፤ «አንተ» ሳይሆን «እርስዎ» ነው የሚለው።

አሁን ደብዳቤውን ራሱን እንክፈተው። ስፔን ውስጥ የመንግሥት ቢሮዎች ሁሉ የሚሠሩበት አንድ የጋራ ሕግ አለ። ቁጥሩ 39/2015 ነው። ኦክቶበር 1 ቀን 2015 የወጣ የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። የእኛ ግስ ቤቱ እዚያ ውስጥ 68ኛው አንቀጽ ነው። የሚደርሷችሁ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ከዚህ አንቀጽ የተገለበጡ ናቸው። ስለዚህ አንዴ በደንብ ያነበበው ሰው ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ሁሉ ያነባል።

ዋናው አረፍተ ነገር እንዲህ ይላል፦ «ሴ ሌ ሬኪዬሬ ፓራ ኬ፣ ኤን ኤል ፕላሶ ዴ ዲዬስ ዲያስ፣ ሱብሳኔ ላ ፋልታ ኦ አኮምፓኜ ሎስ ዶኩሜንቶስ ፕሬሴፕቲቦስ»።

ቀስ ብለን እንሂድ። «ሴ ሌ ሬኪዬሬ»፣ እርስዎ ይጠየቃሉ። ልመና አይደለም፤ ጠንከር ያለ ጥያቄ ነው። «ኤን ኤል ፕላሶ ዴ ዲዬስ ዲያስ»፣ በአሥር ቀን ጊዜ ውስጥ። «ሱብሳኔ ላ ፋልታ»፣ ጉድለቱን ያሟሉ ዘንድ። «ኦ አኮምፓኜ»፣ ወይም አብረው ያያይዙ ዘንድ። «አኮምፓኛር» በተራ ንግግር ሰውን መሸኘት ነው፤ እዚህ ግን ወረቀትን ከማመልከቻ ጋር ማያያዝ ነው። «ሎስ ዶኩሜንቶስ ፕሬሴፕቲቦስ»፣ ሕጉ ግዴታ ያደረጋቸውን ሰነዶች።

ቀጥሎ ማስጠንቀቂያው ይመጣል፦ «ሴ ሌ ቴንድራ ፖር ዴሲስቲዶ ዴ ሱ ፔቲሲዮን»። ካላደረጉት ጥያቄዎን እንደተዉት ይቆጠራል ማለት ነው። ልብ በሉ፤ «እንከለክልዎታለን» አላለም። «ራስዎ እንደተዉት እንቆጥረዋለን» ነው ያለው። ልዩነቱ በተግባር ይታያል። የተከለከለ ሰው የሚከራከረው በፍሬ ነገሩ ላይ ነው። እንደተወ የተቆጠረ ሰው ግን ፍሬ ነገሩ ገና አልታየለትም። የማመልከቻው ጊዜ ካላለፈ እንደገና ማመልከት ይችላል። ካለፈ ግን በአንዲት ወረቀት ምክንያት ሁሉም ነገር ውሃ በላው።

ስለዚህ አሥሩን ቀን መቁጠር ማወቅ አለብን። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው።

ሕጉ በተለይ ካልተናገረ በቀር፣ በቀን የተሰጠ ጊዜ የሚቆጠረው በሥራ ቀን ነው። ስፔኖች «ዲያስ አቢሌስ» ይሉታል። ቅዳሜ አይቆጠርም። እሑድ አይቆጠርም። በዓላትም አይቆጠሩም። ቆጠራው የሚጀምረው ደብዳቤው በደረሰ ማግስት ነው።

ማድሪድ ለሚኖር ሰው ደብዳቤው ሜይ 7 ደረሰው እንበል፤ ቀኑም ሐሙስ ይሁን። በእኛ ሚያዝያ 29 ማለት ነው። ሐሙስ አይቆጠርም። ዓርብ 8 አንድ ይላል። ቅዳሜና እሑድ ይዘለላሉ። ሰኞ 11 ሁለት፣ ማክሰኞ ሦስት፣ ረቡዕ አራት፣ ሐሙስ 14 አምስት። ዓርብ 15 ግን ማድሪድ ሳን ኢሲድሮን ታከብራለች፤ የከተማዋ ጠባቂ ቅዱስ በዓል ነው። አይቆጠርም። ሰኞ 18 ስድስት ሆኖ ይቀጥልና አሥረኛው ቀን ዓርብ ሜይ 22 ላይ ያርፋል። ዝም ብሎ በጣት የቆጠረ ሰው ሜይ 17 ላይ ያበቃ መስሎት ተስፋ ይቆርጣል። ፋይሉ ግን አምስት ቀን ይቀረዋል።

ስፔን ውስጥ በዓላት በየክልሉና በየከተማው ይለያያሉ። እናንተ ያላችሁበት ከተማ በዓል ሆኖ ቢሮው ያለበት ከተማ የሥራ ቀን ቢሆንስ? ወይም የተገላቢጦሽ? ሕጉ ለዚህም መልስ አለው። ከሁለቱ በአንዱ በዓል ከሆነ እንደ በዓል ይቆጠራል። ለአመልካቹ የሚያዳላ ደንብ ስለሆነ ወድጄዋለሁ።

ደብዳቤው በኢንተርኔት ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲደርሳችሁ የመረጣችሁ ከሆነ፣ ወይም ግዴታ ከሆነባችሁ፣ ደብዳቤው ሣጥናችሁ ውስጥ ከተቀመጠ በኋላ አሥር ቀን ሳትከፍቱት ካለፈ «አልቀበልም» እንዳላችሁ ይቆጠርና ሥነ ሥርዓቱ ይቀጥላል። እነዚህ አሥር ቀናት ደግሞ የሥራ ቀናት አይደሉም፤ ቅዳሜም እሑድም ይቆጠራሉ። ክረምቱን አገር ቤት ለማሳለፍ የምትመጡ ሰዎች፣ እባካችሁ ሣጥኑን እያያችሁ። አዲስ አበባ ሆኖ በስልክ መክፈት ይቻላል። «አላየሁትም ነበር» የሚለው መልስ ስፔን ውስጥ አይሠራም።

ወረቀቱ በአሥር ቀን የማይገኝ ከሆነስ? ይህ ለእኛ ሰው እውነተኛ ችግር ነው። ከአንድ ክፍለ ከተማ ወይም ከክልል መዝገብ ቤት ማስረጃ አውጥቶ፣ አረጋግጦ፣ አስተርጉሞ፣ ስፔን ማድረስ በሁለት ሳምንት የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም። 68ኛው አንቀጽ እስከ አምስት ቀን ማራዘም እንደሚቻል ይላል፤ ሰነዱን ማግኘት የተለየ ችግር ካለው። ውድድር ባለባቸው ጉዳዮች ላይ ግን ይህ ማራዘሚያ የለም። ማራዘሚያው የሚጠየቀው ጊዜው ከማለቁ በፊት ነው። ስለዚህ ሰነዱን ለማውጣት ያመለከታችሁበትን ደረሰኝ አያይዛችሁ፣ ዛሬ ነገ ሳትሉ ጻፉ። ዝም ከማለት ይልቅ ሰነዱ በመንገድ ላይ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ማስገባት ሁልጊዜ የተሻለ ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ መብትም አለ። የተጠየቃችሁትን ሰነድ ከዚህ በፊት ለስፔን መንግሥት ቢሮ አስገብታችሁት ከሆነ ድጋሚ ማቅረብ ላይጠበቅባችሁ ይችላል። 28ኛው አንቀጽ ነው። መቼና ለየትኛው ቢሮ እንዳስገባችሁ መግለጽ ግን አለባችሁ። ይህም ራሱ መልስ ነው። የደረሰኝ ቁጥራችሁን የምታስቀምጡ ሰዎች እዚህ ጋ ትጠቀማላችሁ።

አሁን መልሱን እንጻፍ። የስፔን የቢሮ ጽሑፍ ሁለት ክፍል አለው። «ኤክስፖኔ» የሚለው ሥር ነገሩ ይተረካል። «ሶሊሲታ» የሚለው ሥር የሚፈለገው ይጠየቃል። ራስጌው ላይ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ ከዚያ የፋይል ቁጥር። የፋይል ቁጥሩን፣ ማለትም «ኑሜሮ ዴ ኤክስፔዲዬንቴ» የሚለውን፣ የረሳ ሰው ወረቀቱ ሜዳ ላይ ቀረ በሉት።

በ«ኤክስፖኔ» ሥር ሦስት አረፍተ ነገር ይበቃል። በዚህ ቀን ደብዳቤያችሁ ደርሶኛል። ይህ ይህ ይጎድላል ብላችኋል። ይኸው ይህንን ይህንን አቅርቤያለሁ። እዚህ ላይ ሕይወታችንን የመተረክ ልማድ አለን። ስለ ደከምንበት፣ ስለ ልጆቻችን፣ ስለ ኪራዩ። ሰው ነንና ይገባኛል። ግን ፋይሉን የያዘው ሠራተኛ ከፊቱ ዝርዝር አለው። ዝርዝሩ ላይ «የልደት ምስክር ወረቀት፣ ትርጉም የለውም» ተብሎ ከሆነ የሚፈልገው ትርጉሙን ነው። ደብዳቤው ላይ የጉድለቶቹ ተራ ቁጥር ካለ መልሱም በዚያው ተራ ቁጥር ይሂድ። ሦስት ነገር ተጠይቆ ሁለቱን ያሟላ ሰው አላሟላም።

በ«ሶሊሲታ» ሥር የሚጻፈውን አረፍተ ነገር በጣም እወደዋለሁ፦ «ኬ ሴ ቴንጋ ፖር ሱብሳናዳ ላ ፋልታ»። ጉድለቱ እንደተሟላ ይቆጠርልኝ ማለት ነው። አሁን ማስጠንቀቂያውን አስታውሱ፤ «ሴ ሌ ቴንድራ ፖር ዴሲስቲዶ» ብሎ ነበር። ሁለቱም ላይ «ቴኔር ፖር» አለ። ቢሮው «እንደተዉት እንቆጥራለን» ሲል፣ እናንተ በዚያው አነጋገር «እንደተሟላ ቁጠሩት» ትላላችሁ። በቋንቋቸው መመለስ ይኸው ነው። ከዚያ «ይ ሴ ኮንቲኑዌ ኮን ላ ትራሚታሲዮን» ብላችሁ ትጨርሳላችሁ፤ ጉዳዩም ይቀጥል።

የምታስገቡት የግድ እዚያው ቢሮ ሄዳችሁ አይደለም። በኢንተርኔት ይቻላል። በስፔን ፖስታ ቤቶች በኩል ይቻላል። ከስፔን ውጭ ያለ ሰው በስፔን ኤምባሲ ወይም ቆንስላ በኩል ማስገባት እንደሚችል ሕጉ ይፈቅዳል። አዲስ አበባ የስፔን ኤምባሲ አለ። የትም አስገቡት፣ ቀንና ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ሳትይዙ አትውጡ።

ስለ እኛ ሰው ወረቀቶች ለብቻው ጥቂት ልበል። ደብዳቤው ለኢትዮጵያዊ የሚመጣበት ምክንያት ብዙ ጊዜ አዲስ አይደለም። አንዱ ስም ነው። ስፔኖች ሁለት የቤተሰብ ስም አላቸው፤ በልማዱ አንዱ ከአባት፣ አንዱ ከእናት ይመጣል። ፎርማቸውም ሁለት ቦታ ይጠይቃል። እኛ ደግሞ ስማችን፣ የአባታችን ስም፣ የአያታችን ስም ነው። አንዱ ሰነድ ላይ የአባት ስም መጀመሪያው ቦታ ይገባል፤ ሌላው ላይ የአያት ስም ይገባበታል። ለሚያየው ሠራተኛ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። የላቲኑ ፊደል ይጨመርበት። «ፀሐይ» የሚለውን ስም ፓስፖርት ላይ መጨረሻውን በ«ዋይ»፣ ዲግሪ ላይ በ«አይ» ጽፈነው እናገኘዋለን።

ሌላው ዘመን አቆጣጠር ነው። ተርጓሚው በ2010 ዓ.ም. የተሰጠን ሰነድ ቁጥሩን እንዳለ ገልብጦ «2010» ካለው፣ ስፔን ውስጥ ሰነዱ ሰባት ስምንት ዓመት አርጅቶ ይታያል። የትውልድ ዘመን ላይ ከሆነማ ሰውየው ራሱ ያረጃል። ስለዚህ ትርጉሙን ከተርጓሚው ስትቀበሉ መጀመሪያ ቀኖቹን እዩ። ቀጥሎ ስሙን ከፓስፖርት ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ። ከዚያ ነው ገንዘቡ የሚከፈለው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

ከመንግሥት ቢሮ እንውጣና ወደ ኩባንያ እንግባ። ከስፔን ድርጅቶች ጋር የምትሠሩ፣ ለደንበኛ ኢሜይል የምትጽፉ አላችሁ። ግሱ እዚያም ይኖራል፤ እዚያ ግን ጊዜው ነው የሚያስቸግረው። ሰዓት አይደለም የምለው፣ የግሱን ጊዜ ነው።

ሒሳብ ክፍል ውስጥ ናችሁ እንበል። ለደንበኛ የላካችሁት ደረሰኝ ላይ ታክሱ ሁለት ጊዜ ተደምሯል። ደንበኛው ቅሬታ ጻፈ። ሦስት ዓይነት መልስ መጻፍ ይቻላል። «ፕሮሴዴሬሞስ ኣ ሱብሳናር ኤል ኤሮር» ካላችሁ ወደፊት እናርመዋለን ነው። «ኤስታሞስ ሱብሳናንዶ ኤል ኤሮር» ካላችሁ እያረምን ነው። «ኤል ኤሮር ኣ ኬዳዶ ሱብሳናዶ» ካላችሁ ግን ታርሟል፣ አልቋል፣ ከእንግዲህ አታዩትም ማለት ነው። ይህ ሦስተኛው ቃል ኪዳን ነው። ደንበኛው አምኖ ሲስተሙን ሲከፍት ያው አሮጌው ቁጥር ከጠበቀው፣ ከመጀመሪያው ስህተት ይልቅ ኢሜይሉ ያበሳጨዋል። እኔ አጥብቄ የምመክረው «ሱብሳናዶ» የሚለውን ቃል ሥራው አልቆ በዓይናችሁ ካያችሁ በኋላ ብቻ እንድትጽፉት ነው። የተስተካከለውን ደረሰኝ ከኢሜይሉ ጋር አያይዙት። ይቅርታው አጭር ይሁን፤ «ላሜንታሞስ ላስ ሞሌስቲያስ» ይበቃል።

ቢሮ ውስጥ አፍ ለአፍ ስታወሩ ግን ተዉት። አጠገባችሁ ያለችው ባልደረባ «ደረሰኙ እንዴት ሆነ?» ስትል «ያ ኤስታ አሬግላዶ» በሏት። «ሱብሳናዶ» ካላችኋት ሥራ አስኪያጅ ሲመጣ እንደሚደረገው ድምፃችሁን ያከበዳችሁ ይመስላታል።

ዘመድ ግሶቹም ይለዩ። «ኮሬኺር» ሰፊ ነው፤ መምህር ፈተና ሲያርምም እሱ ነው። «ሬክቲፊካር» ደግሞ ከተናገሩት ወይም ከጻፉት ነገር መመለስ የሚል ትርጉም አለው፤ ጋዜጣ ያወጣውን ስህተት ሲያስተባብል የሚጠቀምበት ነው። የእኛኛው ግስ ልዩ የሚሆነው ነገሩ ሙሉ መሆን ሲገባው ጎድሎ ሲገኝ ነው።

ሁሉም ጉድለት ግን አይሟላም። «ኢንሱብሳናብሌ» የሚባል አስፈሪ ቃል አለ። በመንግሥት ጨረታ ላይ ይህ በጣም ግልጽ ነው። የስፔን የመንግሥት ግዥ ሕግ፣ ቁጥሩ 9/2017 የሆነው፣ ከተጫራቹ መግለጫ ጋር ለተያያዙ ሊታረሙ ለሚችሉ እንከኖች የሚሰጠው ጊዜ ሦስት ቀን ብቻ ነው። አሥር የለመደ ሰው እዚህ ይሸወዳል። ይህም ቢሆን ያልተፈረመ ወይም የተዘነጋ ወረቀትን ለመሰለ ነገር ነው። የዋጋ ማቅረቢያችሁን ፖስታው ከተከፈተ በኋላ «ተሳስቼ ነው፣ ላሳንሰው» ማለት አይቻልም። ትክክልም ነው፤ ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች ይበደላሉ። የመንግሥት ሥራ ፈተና የሚወዳደሩ ሰዎችም ጊዜያዊ ዝርዝር ሲወጣ «ኤክስክሉይዶ»፣ ማለትም የተሰረዘ የሚለው ውስጥ ስማቸውን ሲያዩ አይደንግጡ። ከዝርዝሩ አጠገብ የስረዛው ምክንያትና የማረሚያ ጊዜ ይኖራል። ያ ዝርዝር የሚወጣው እንዲታረም ነው።

አትላንቲክን ስንሻገር ግሱ ይከተለናል፤ በዙሪያው ያሉት ቃላት ግን ይለወጣሉ። ኮሎምቢያ ውስጥ ፍርድ ቤት ክስን «ኢናድሚቲር» ሲያደርግ ያልለመደው ሰው የተዘጋ ይመስለዋል። አልተዘጋም። ዳኛው ጉድለቶቹን ይዘረዝራል፤ ከሳሹ በአምስት ቀን ውስጥ «ሱብሳናር» ማድረግ አለበት። ካላደረገ ነው «ሬቻሶ»፣ ውድቅ የሚሆነው። ሜክሲኮ ውስጥ ደግሞ የቢሮው ማሳሰቢያ «ፕሬቬንሲዮን» ይባላል። በፌዴራል የአስተዳደር ሕጋቸው ለማሟያ የሚሰጠው ጊዜ ከአምስት የሥራ ቀን ማነስ የለበትም። ፔሩ ሁለት የሥራ ቀን ብቻ የምትሰጥበት ቦታ አላት፤ ወረቀቱን ስታስገቡ መቀበያው ላይ ጉድለት ከታየ። ስለዚህ የስፔኑን አሥር ቀን ይዞ ሊማ መሄድ አይቻልም። ስፔን ውስጥም ቢሆን የራሳቸው ልዩ ደንብ ያላቸው ጉዳዮች አሉ። ደብዳቤው ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው የሚገዛችሁ።

ወደ ጥያቄ ከመግባታችን በፊት፣ አስቀድሞ በጽሑፍ የደረሰኝን አንድ ጥያቄ ልመልስ። ጠያቂያችን «ቀኑ አልፎብኛል። ሰነዱ ትናንት መጣልኝ። ቢሮው እስካሁን ምንም አላለኝም። ልተወው ወይስ ላስገባው?» ብለዋል።

ያስገቡት። ዛሬውኑ። በዚያው ሕግ 73ኛው አንቀጽ ላይ እንዲህ የሚል ነገር አለ፦ ጊዜው ማለፉን የሚገልጸው ውሳኔ ለአመልካቹ እስኪደርሰው ድረስ፣ ውሳኔው በሚደርስበት ቀን ራሱም ቢሆን፣ ያቀረበው ነገር ተቀባይነት አግኝቶ ሕጋዊ ውጤት ይኖረዋል። ይህንን እንደ ዕቅድ ይዞ መዘግየት ትልቅ ስህተት ነው፤ ከሌሎች ጋር የሚወዳደሩበት ጉዳይ ከሆነማ ተስፋው የመነመነ ነው። እርስዎ ግን ውሳኔ አልደረሰዎትም። «ኤክስፖኔ» በሚለው ሥር ሰነዱ የዘገየበትን ምክንያት በአንድ አረፍተ ነገር ይጻፉ፣ 73ኛውን አንቀጽ ይጥቀሱ፣ ሰነዱን ያያይዙ። የኤሌክትሮኒክ ሣጥንዎንም አሁኑኑ ከፍተው ይዩ፤ ውሳኔው ሳያውቁት እዚያ ተቀምጦ እንዳይሆን። ለማንኛውም ከንግግሩ በኋላ ይቆዩና ደብዳቤውን አብረን እናንብበው።